በዙፋኑ አጠገብ የምትቆመው አበባ

በድሮ ዘመን፣ ንጉሥ ሲበላ መጋረጃ በሚጋረድበት፣ ሲጠጣ ኩታ በሚዘረጋበት፣ ሲያስነጥስ አገር ሁሉ "ይማርዎ" ለማለት ሥራ በሚፈታበት ዘመን፣ ሦስት ሰዎች ነበሩ።

አንደኛው ንጉሡ ናቸው። ደግ ናቸው፤ ደግነታቸውን ግን የሚያስታውሳቸው ሰው ይፈልጋሉ። ሁለተኛው አጋፋሪ ጎሽሜ ነው። ሥርዓት አዋቂ ነው፤ ማን በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ማን የት እንደሚቆም፣ ማን እስከ ምን ድረስ ጎንበስ እንደሚል ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሦስተኛዋ ትርንጎ ናት። አትክልተኛ ናት፤ እጇ የነካው ሁሉ ይበቅላል። አንደበቷ የነካው ግን አይበቅልም።

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። አጋፋሪ ጎሽሜን ገና ከጅምሩ እንዳትጠሉት። ጥፋት የሌለበት ሰው ነው። እኔ ፈልጌ ፈልጌ አጥቻለሁ፤ እናንተ ካገኛችሁበት ንገሩኝ።

ትርንጎ ባል ነበራት፤ ጓንጉል ይባላል። እሱም አትክልተኛ ነበር። አንድ ቀን ንጉሡ በግቢያቸው ሲዘዋወሩ ቆም አሉና፣

"ጓንጉል፣ አትክልታችን እንዴት ነው?" ብለው ጠየቁ።

"ደኅና ነው ጃንሆይ፤ ዝናብ ብቻ ጎደለው" አለ ጓንጉል።

አጋፋሪ ጎሽሜ ወደ ንጉሡ ጆሮ ጠጋ አለ።

"ሰሙት ጃንሆይ? የጃንሆይ ነገር ጎደለው አለ።"

ንጉሡ አዘኑ። ንጉሥ ሲያዝን ደግሞ ሰው ይታሰራል፤ ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ጓንጉል በዚያው ዕለት ወደ አምባው ወጣ። አምባው ዙሪያውን ገደል ነው። መውጫው አንድ ገመድ ነው። ለመውጣት ገመዱ ይበቃል፤ ለመውረድ ግን የንጉሥ ቃል ያስፈልጋል።

በዚያው ሰሞን ከባሕር ማዶ አንድ ነጋዴ መጣ። በትንሽ ቀንድ ውስጥ ዘር ይዞ ነበር። ዘሩ ጥቁር፣ ደቃቅ፣ ትንፋሽ የሚበትነው ነው።

"ይህ ፖፒ የምትባል አበባ ዘር ነው፤ አትበላም፣ አትጠጣም፣ ለዓይን ብቻ የተፈጠረች ናት። የአበባዋ ቅጠል እንደ ሐር የሳሳ፣ እንደ ፍም የቀላ ነው። የማዶው ንጉሥ በዙፋናቸው አጠገብ አቁመዋታል" አለ።

"የማዶው ንጉሥ አላቸው?" አሉ ንጉሡ።

"አላቸው።"

"እኛስ?"

ነጋዴው "የለዎትም" ሊል አፉን ከፈተ። አጋፋሪ ጎሽሜን አየው። አምባውንም አሻግሮ አየው።

"እርስዎማ ጃንሆይ፣ ገና አልተዘራልዎትም እንጂ!" አለ። ብልህ ነጋዴ ነበር፤ በሰላም ወደ አገሩ ተመለሰ።

ታዲያ ማን ይዝራው? ዘር የሚያውቀው ጓንጉል አምባ ላይ ነው። የቀረችው ትርንጎ ናት። ጠሯት፤ መጣች፤ መሬት ስማ ተነሣች።

"አበቅላለሁ ጃንሆይ። ባሌን ብቻ ይስጡኝ" አለች።

ንጉሡ ደግ ናቸው ብያችኋለሁ። "አንቺ ያበቀልሻት አበባ ቀልታ በዙፋናችን አጠገብ የቆመች ቀን፣ ያን ቀን ባልሽ ይውረድ" አሉ። ነጋሪት ተጎሰመ። ቃሉ ተነገረ። የንጉሥ ቃል ነው፤ አይታጠፍም።

ትርንጎ ነጠላዋን ሳታስተካክል ወደ አምባው ሥር ሮጠች። እጆቿን በአፏ ዙሪያ አድርጋ ተጣራች።

"ጓንጉል ሆይ!"

"ወይ!" አለ ጓንጉል ከላይ። ድምፁ ገደሉን እየመታ ወረደ።

"አበባ ላበቅል ነው! ቀልታ ስትቆም ትወርዳለህ!"

"ዘሯ ምን ይመስላል?"

"ከጤፍ የደቀቀ ነው!"

ጓንጉል አትክልተኛ ነውና ከእስራቱ ይልቅ ዘሩ አሳሰበው።

"እንግዲያው እንዳትቀብሪው! ላይ ላዩን በትኚው! ፀሐይ ይየው!"

"አውቃለሁ! አንተ ደግሞ፣ እኔን ልታስተምር!" አለችው። ሁለቱም ሳቁ። አንዱ ከገደሉ ላይ፣ አንዷ ከገደሉ ሥር።

ጥቅምት ሲጠባ፣ ከባዱ ዝናብ ሲያባራ፣ ትርንጎ ከግቢው ውስጥ ፀሐይ የሚያገኘውን መሬት መረጠች። ቆፈረች። ጓሉን ሰበረች። እንደ ዱቄት አለሰለሰችው። ዘሩን ሦስት ቦታ ከፈለችና ሁለቱን አስቀመጠች፤ አንዱን ከደቃቅ አሸዋ ጋር ደባልቃ ልትበትን እጇን ስታነሣ አጋፋሪ ጎሽሜ ደረሰ።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ልዘራ ነዋ፣ ጌታዬ።"

"ላይ ላዩን?"

"ላይ ላዩን ነው እንጂ! እንዲህ የደቀቀ ዘር ከተቀበረ መውጫ ያጣል። ብርሃን ካላየ አይነቃም። ጤፍንስ ማን ይቀብረዋል?"

አጋፋሪ ጎሽሜ ፈገግ አለ።

"ጤፍ የባላገር ነው። የባላገር ነገር ተገልጦ ይደር። ይኼ የጃንሆይ ዘር ነው። ለመሆኑ የጃንሆይ መሶብ ይሸፈናል?"

"ይሸፈናል።"

"የጃንሆይ ብርሌ ይሸፈናል?"

"ይሸፈናል።"

"ጃንሆይ ራሳቸው ይጋረዳሉ?"

"ይጋረዳሉ።"

"ታዲያ የጃንሆይ ዘር ሜዳ ላይ ራቁቱን ይሰጣ? ያለፈ ያገደመው ዓይኑን ይጣልበት? ቡዳ ይብላው? አንቺ ሴት፣ ባልሽ በአፉ፣ አንቺ በእጅሽ! ምን ዓይነት ቤት ነው ቤታችሁ?"

ትርንጎ አምባውን አሻግራ አየችና እጇን አወረደች። እጇን ያወረደችው መልሱን ስላላወቀች አይደለም።

አሽከሮች መጡ። ክንድ ያህል ጉድጓድ ቆፈሩ። ዘሩን ከታች አደረጉት። በዘሩ ላይ አፈር መለሱ። በአፈሩ ላይ ሰሌን ዘረጉ። በሰሌኑ ላይ ቀይ ግምጃ አለበሱ። በግምጃው ላይ ጥላ ያዥ አቆሙ። ልጆች፣ እንደዚያ የተከበረ ዘር በዓለም ላይ ታይቶ አይታወቅም። በክብሩ ውስጥ እንዳለ ሞተ።

ጥቅምት አለፈ። ኅዳር አለፈ። ታኅሣሥ አለፈ። ከግምጃው ሥር አረም እንኳ አልወጣም። በጥር፣ በንግሣቸው በዓል ቀን፣ ንጉሡ "አበባችን የት አለች?" ብለው ጠየቁ።

"ጃንሆይ፣ ግርማዎን ፈርታ አልወጣችም" አለ አጋፋሪ ጎሽሜ።

ንጉሡ ደስ አላቸው። ደስ ቢላቸውም አበባዪቱ በዙፋኑ አጠገብ አልቆመችም። ስለዚህ ጓንጉል አልወረደም። ፍርድ ማለት እንዲህ ነው፤ ደስታ አያጣምመውም።

ትርንጎ ወደ አምባው ሥር ሄደች።

"ጓንጉል ሆይ!"

"ወይ! በቀለች?"

"ቀበሩብኝ!"

"ምን ያህል አጥልቀው?"

"ክንድ ያህል!"

"ክንድ!" አለ ጓንጉል። ለራሱ መታሰር እንኳ እንዲያ አላዘነም። ከቆይታ በኋላ ግን ድምፁን አነሣ። "ይሁን፣ ከርሞ ትዘሪያለሽ! እኔ እንደሆንኩ እዚሁ ነኝ፤ የትም አልሄድብሽም!"

ቀልዱ ነው። ትርንጎ እንዲሰማው ጮክ ብላ ሳቀች። ከዚያ መንገዱን ሁሉ አለቀሰች።

ዓመቱ ዞረ። ትርንጎ አጋፋሪ ጎሽሜ ቤት ሄዳ እግሩ ላይ ወደቀች።

"ጌታዬ፣ በልጆችዎ፣ ዘንድሮ አይሸፈንብኝ!"

አጋፋሪ ጎሽሜ አገጩን ይዞ አሰበ።

"ሥርዓት አይፈርስም፤ መዞር ግን ይቻላል። ከአንቺ ጓሮ ዝሪው። ከአንቺ ጓሮ እስካለ ድረስ የአንቺ ነው። የአንቺ ከሆነ የባላገር ነው። የባላገር ከሆነ ቡዳም ይየው፣ ጅብም ይየው፣ ምን ገዶን? ካደገ በኋላ የጃንሆይ ይሆናል" አለ።

ትርንጎ ጉልበቱን ሳመች። አጋፋሪውም መሬቱን ለማየት ብሎ አብሯት መጣ። ጓሮዋን ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ።

"ምንጭ አለሽ መሰለኝ?"

"አለኝ ጌታዬ። ክረምት ከበጋ አይደርቅም።"

"ደስ ይላል" አለ አጋፋሪ ጎሽሜ። "ደስ ይላል!"

ትርንጎ ዘሩን ከአሸዋ ጋር በተነችው። አልሸፈነችውም፤ በመዳፏ ብቻ ጫን ጫን አደረገችው። በእንስራ ውሃ ብታፈስበት ጠርጎ ይወስደዋልና የቅጠል እቅፍ እየነከረች ረጨችው፤ ጠዋት ረጨችው፣ ማታ ረጨችው። አንድ ቀን መሬቱ አረንጓዴ አቧራ የተነፋበት መሰለ። በቅሏል!

ያን ጊዜ ደግሞ መንቀል መጣ። ፖፒ ጉርብትና አትወድም፤ ተፋፍጋ ከበቀለች ሁሉም ቀጭጨው ይቀራሉ። ትርንጎ አንዷን ለማሳደግ በዙሪያዋ ያሉትን ነቀለች። ስትነቅል "ይቅር በሉኝ፣ አንድ ሰው ላስፈታ ነው" ትላቸው ነበር። የቀሩት አደጉ። ግንዳቸው ጠጉር አወጣ። እምቡጣቸው አንገቱን ሰበረና ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው ወደ መሬት አየ። ፖፒ እንደዚህ ናት፤ አቀርቅራ ትከርምና ልታብብ ስትል ብቻ ቀና ትላለች።

ቀና ያለች ቀን አጋፋሪ ጎሽሜ መጣ። ከበሮ መቺ አስከትሏል፣ ጥላ ያዥ አስከትሏል፣ ዶማ የያዙ አሽከሮች አስከትሏል።

"ከዛሬ ጀምሮ የጃንሆይ ናት። ትነሣ!"

"ወዴት ነው የምትነሣው ጌታዬ?"

"ወደ ግቢ ነዋ!"

"ኧረ በእግዜር! ጎመን አይደለችም እኮ። ሥሯ አንድ ነው፣ እንደ ወስፌ ቀጥ ብሎ የወረደ። እሱ ከተነካ አለቀላት።"

"ታዲያ ጃንሆይ እንዴት ይዩአት?"

"እዚህ መጥተው ይዩአታ!"

ከበሮ መቺው ደንግጦ ከበሮውን ጣለ። ጥላ ያዡ አማተበ።

"ንጉሥ! ወደ አትክልተኛ ጓሮ!" አለ አጋፋሪ ጎሽሜ። "ምንጣፉ ከየት እስከ የት ሊነጠፍ ነው? መጋረጃው ከምን ላይ ሊሰቀል ነው? በርሽስ? የጃንሆይን ጥላ ያስገባል?"

ትርንጎ በሯን አየችው። "አያስገባም" አለች። እውነቷን ነው፤ አያስገባም።

ነቀሏት። በብር ሣህን አደረጓት፤ የቀሩትን አሽከሮቹ ረጋግጠው ጨረሷቸው። ከበሮ ተመታ፣ እልልታ ቀለጠ፣ ሕዝቡ በመንገዱ ዳር ዳር ሆኖ እጅ ነሣ። በመጀመሪያው በር ቅጠሏ ጠወለገ። በሁለተኛው በር አንገቷ ታጠፈ። በሦስተኛው በር በሣህኑ ላይ ተዘረረች።

"ይህች ምንድን ናት?" አሉ ንጉሡ።

"አበባዎ ናት ጃንሆይ። በግንባሯ ተደፍታ እጅ እየነሣች ነው።"

የንጉሡ ዓይን እንባ ሞላ። "እንዲህ ያለ ትሕትና ከመኳንንታችን እንኳ አላየንም!" አሉ። መኳንንቱ አፈሩ። አንዳንዶቹ ለማንኛውም ብለው ተደፉ።

"ግን ቆማለች?" አሉ ንጉሡ፤ ፍርድ አይስቱም።

"አልቆመችም ጃንሆይ።"

"ቃላችን የቆመች ቀን ነው የሚለው።"

"ነው ጃንሆይ።"

ትርንጎ ወደ አምባው ሥር ሄደች። በዚያ ዓመት አምባው ላይ ብርድ ገብቶ ነበር።

"ጓንጉል ሆይ!"

ዝም።

"ጓንጉል ሆይ!"

"ወይ" አለ። ድምፁ ሻክሯል፤ ሳል ይቆራርጠዋል። "አበበች?"

"ነቀሏት!"

"ከሥሯ?"

"ከሥሯ!"

ትርንጎ ዝምታውን ታውቀዋለች፤ ቡቃያ የሞተበት ቀን ቤት ውስጥ ዝም የሚለው ዝምታ ነው።

"ወደ ጃንሆይ ራሳቸው ሂጂ!" አለ በመጨረሻ። "እሳቸው አያውቁም እንጂ ቢያውቁ ደግ ናቸው!"

ልጆች፣ እንዲህ ብሎ የሚያምነው ጓንጉል ብቻ እንዳይመስላችሁ። አምባው የሞላው እንዲህ ብለው በሚያምኑ ሰዎች ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ትርንጎ ድንጋይ ተሸክማ ግቢው በር ላይ ቆመች። "አቤት! አቤት! አቤት!" አለች። ጠዋት ጮኸች። ቀትር ላይ ጮኸች። ንጉሡ ሊበሉ መጋረጃው ሲጋረድ ጮኸች፤ በዚህ ጊዜ ምግቡ አልወርድ አላቸውና አስጠሯት።

"ምን ሆንሽ፣ ልጄ?"

"ጃንሆይ፣ ዘሩ አይሸፈንብኝ፤ ቡቃያው አይነቀልብኝ። ከእልፍኝዎ መስኮት ሥር ልዝራት፤ እዚያው በቅላ እዚያው ትበብ። የቀረኝ ዘር ከቁንጥር አይበልጥም።"

"ማን ከለከለሽ?" አሉ ንጉሡ፤ ዙሪያቸውን አዩ። መኳንንቱ አጋፋሪ ጎሽሜን አዩ። አጋፋሪ ጎሽሜ መሬቱን አየ።

"ማንም ጃንሆይ" አለ። እውነቱን ነው። ከልክሎ አያውቅም፤ ሥርዓቱን አስረዳ እንጂ።

ተዘራች። ማንም አልሸፈናት፤ ማንም አልነቀላት። በቀለች፣ አደገች፣ አቀረቀረች፣ ቀና አለች። የንግሡ በዓል ሊደርስ ሲል የመጀመሪያዋ እምቡጥ አረንጓዴ ቆቧን ጣለች። ልጆች፣ ቀይ አይታችኋል? አላያችሁም። ጠባቂዎቹ ጦራቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው አዩአት። በቅሎ ጫኙ መጫኑን ትቶ አያት። ቅጠሏ እርጥብ ነበር፤ እንደ አዲስ ሐር ልብስ የእጥፋቱ ምልክት ይታያል። ነፋስ ሲነካት ትንቀጠቀጣለች።

ትርንጎ ቤቷ ገባች። የጓንጉልን ሱሪና እጀ ጠባብ ከሳጥን አወጣች። አጠበችው። ከምንጩ ዳር ካለው ቁጥቋጦ ላይ አሰጣችው። ሲደርቅ አጣጠፈችው። እነዚያን ሁለት ልብሶች ይህን ያህል ዓመት አልነካቻቸውም ነበር።

በበዓሉ ዋዜማ አጋፋሪ ጎሽሜን አገኘችው።

"ጌታዬ፣ ነገ ማለዳ ጠል ሳይለቅ እቆርጣታለሁ። የምቆርጠው ያበበችውን አይደለም፤ ጫፏ ብቻ ቀላ ያለችውን እምቡጥ ነው። እንደቆረጥኩ የግንዷን ጫፍ በእሳት ለብለብ አደርገዋለሁ፤ ወተቷ እንዳይፈስ። ከዚያ ውሃ ውስጥ አቆማታለሁ። ጃንሆይ ፊት ስትደርስ ትፈነዳለች።"

"ቆይ፣ ቆይ" አለ አጋፋሪ ጎሽሜ። "እምቡጥ ማለት ራሷን የተከናነበች ማለት ነው?"

"እንደዚያ ነው።"

"ጃንሆይ ፊት ተከናንቦ የሚገባ ማን አለ?"

"ማንም የለም።"

"ሰው ኩታውን አውርዶ፣ አደግድጎ፣ ራሱን ገልጦ ይቀርባል። አበባ ከሰው ትበልጣለች?"

"አትበልጥም ጌታዬ። ግን ያን ጊዜ ይሸፈን አላሉኝም?"

"ያን ጊዜ የጃንሆይ ንብረት ነበረች። ነገ ደግሞ ጃንሆይ ፊት ቀራቢ ናት። የጃንሆይ የሆነ ይሸፈናል፤ ጃንሆይ ፊት የሚቀርብ ይገለጣል። ይህን ሳትለዪ ነው ግቢ የምትመላለሺው?"

"እሳቱስ?"

"የጃንሆይን አበባ በእሳት ልትለበልቢ? እሳት የሚቀርበው ለሌባ ነው!"

"እንግዲያው ከመስኮቱ ሆነው ይዩአት! እዚያው ሥር ቆማለች እኮ!"

አጋፋሪ ጎሽሜ በእርግጥ አዘነላት። "ልጄ፣ መስኮት ሕዝብ ንጉሡን የሚያይበት ነው። ንጉሥ ወደ ውጭ የሚያይበት አይደለም" አለ።

በማግሥቱ አጋፋሪው ራሱ መረጠ። ከሁሉም የተገለጠችውን፣ ከሁሉም የሰፋችውን፣ ማለትም ከሁሉም ያረጀችውን መረጠ። ትርንጎ ቆረጠች። ነጭ ወተት በጣቶቿ ላይ ፈሰሰ። በወርቅ ዋንጫ አቆሟት። ከበሮው ተመታ። ትርንጎም ከኋላ ከኋላ እየተከተለች "አይምቱት፣ በማርያም ከበሮውን አይምቱት" ትላለች፤ ማን ይሰማታል?

"ፖፒ" የሚለው ስም አጭር ነውና ለንጉሥ አይመጥንም፤ ስለዚህ አዋጅ ነጋሪው በየበሩ ቆሞ የተሰጣትን ማዕረግ ሁሉ ይጠራል። በመጀመሪያው በር "ግርማ መንግሥት!" አለ፤ ከበሮው ተመታ፤ አንድ ቅጠል ረገፈ። በሁለተኛው በር "ውበተ ዙፋን! ሞገሰ አዳራሽ!" አለ፤ ከበሮው ተመታ፤ ሁለት ቅጠል ረገፈ። በሦስተኛው በር ማዕረጉ ረዘመ። ተጠርቶ ሲያልቅ የመጨረሻዋ ቅጠል በምንጣፉ ላይ አረፈች፤ ጥላ ያዡም ሳያያት ረገጣት።

በንጉሡ ፊት አንድ አረንጓዴ ግንድ ደረሰ። ጫፉ ላይ እንደ መነኩሴ የተላጨ ራስ አለበት።

ትርንጎ በደረቷ ወደቀች። "ጃንሆይ፣ ቆማለች! ይዩዋት፣ በዙፋንዎ አጠገብ ቆማለች! እኔ ያበቀልኳት ናት! ባሌን..."

ንጉሡ ጎንበስ ብለው አዩ።

"ቆማለች?"

"ቆማለች ጃንሆይ" አሉ መኳንንቱ።

"ቀልታለች?"

መኳንንቱ መሬት መሬቱን አዩ።

"ቃላችን 'ቀልታ' ይላል" አሉ ንጉሡ በሐዘን። ከልባቸው ነበር ያዘኑት፤ ፊታቸው ጠቆረ። በበዓላቸው ቀን አዘኑ። ሰዎች አምባውን እያሰቡ ኩታቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ።

ያን ጊዜ አጋፋሪ ጎሽሜ ከካባው ሥር አንድ ነገር አወጣ። ከቀይ ሐር የተሰፋች፣ በቀጭን ሽቦ የቆመች አበባ ናት። ሰፊዎች ስንት ሰንበት እንደደከሙባት አላውቅም። የተላጨችውን አነሣና ይህችን በወርቁ ዋንጫ አቆመ።

"ቀልታለች!" አሉ ንጉሡ።

"ቀልታለች!" አለ አዳራሹ።

"ቆማለች!"

"ቆማለች!"

ከበሮው ተመታ፤ ምንም አልረገፈም። እንደገና ተመታ፤ ምንም አልረገፈም። ንጉሡ እንደ ሕፃን ሳቁ። ሲስቁ ደግነታቸው ትዝ አላቸው።

"አንድ ቃል የነበረን መሰለን። አበባ የቆመች ቀን የሚወርድ ሰው አልነበረም?"

ትርንጎ አንገቷን ቀና አደረገች።

"ነበር ጃንሆይ" አለ አጋፋሪ ጎሽሜ። "ትርንጎ ያበቀለቻት የቆመች ቀን ነው። ይህችን ግን ትርንጎ አላበቀለችም። የእኔ ናት። እኔ ደግሞ አምባ ላይ ዘመድ የለኝም።"

"እውነት ነው" አሉ ንጉሡ። "እንግዲያው አንተ ምን እንሸልምህ?"

"ኧረ ምንም አልሻም ጃንሆይ። ምንጭ ያላት አንዲት ጓሮ ነበረች... ለእኔ ሳይሆን ለበቅሎዎቼ።"

ተሰጠው። ትርንጎ ጓሮዋ ሲሰጥ አልሰማችም፤ ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። በጉልበቷ ወደ ዙፋኑ ቀረበች።

"ጃንሆይ፣ መስኮቱ ሥር ያሉት ዘር ይይዛሉ። ራሳቸው ሲደርቅ ከአናታቸው አክሊል ሥር ቀዳዳ ይከፈታል፤ ሲወዘወዝ ዘሩ እንደ ጨው ይነሰነሳል። ብዙ ነው። ከርሞ አበቅላለሁ። በእምቡጧ እንድቆርጣት ብቻ ይፍቀዱልኝ። ቀልታ ትቆማለች።"

ንጉሡ እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ።

"አብቅዪ፣ ልጄ። በእምቡጧም ቁረጪ። ማን ይከለክልሻል? ቃላችንም እንዳለ ነው። ግን በዙፋናችን አጠገብ ያለው ቦታ አንድ ነው። አሁን የቆመችው ስትረግፍ፣ በእሷ ቦታ የአንቺ ትቆማለች፤ ያን ቀን ባልሽ ይወርዳል።"

"እንዴት ያለ ፍርድ ነው!" አሉ መኳንንቱ። አንዱ ሽማግሌ ከፍርዱ ማማር የተነሣ አለቀሰ።

ትርንጎ የታጠፈውን ልብስ በብብቷ እንደያዘች ወደ አምባው ሥር ሄደች።

"ጓንጉል ሆይ!"

ዝም።

"ጓንጉል ሆይ!"

ዝም። ትርንጎ ገደሉን በሁለት እጇ ያዘችው።

"ጓንጉል! ኧረ ጓንጉል!"

"ወይ" አለ። ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ ሆኗል። "አበበች?"

"አበበች!"

"ቀላች?"

"ቀላች!"

"ቆመች?"

ትርንጎ ሁሉን ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከአጋፋሪው ካባ ልትጀምር፣ ከሽቦው ልትጀምር፣ ከየትኛው እንደምትጀምር ጠፋት።

"ዙፋኑ አጠገብ ቀይ አበባ ቆማለች!" አለች።

"ታዲያ መቼ ነው የምወርደው?"

"ያቺ ስትረግፍ! በቦታዋ ሌላ ሳቆም!"

ጓንጉል ሳቀ። ሳል እያቋረጠው ሳቀ። አትክልተኛ ነውና።

"ተቆርጣ የቆመች ፖፒ? ኧረ አንቺ ሴት፣ ከነገ ወዲያን አትደርስም! ምን ያስለቅስሻል? ጃንሆይ ደግ ናቸው አላልኩሽም?" ከዚያ ፊቱን ወደ ኋላ መልሶ ወደ እስረኞቹ ሲጮህ ሰማችው። "ልወርድ ነው! እናንተ፣ ልወርድ ነው!" የደካማ ሰዎች ጭብጨባ ከላይ መጣ። አንዱ እልል ሊል ሞክሮ አልሆነለትም።

"ትርንጎ!"

"ወይ!"

"ብርድ ልብሴን ጎረቤቴ እየለመነኝ ነው፤ በጣም አሞታል። እኔ እንደሆንኩ መውረዴ ነው። ልስጠው?"

ነፋሱ ከአምባው ላይ ይወርዳል። የጥር ነፋስ ነው፤ አጥንት ይገባል። ትርንጎ ልብሱን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

"ስጠው" አለች።

ልጆች፣ ትምህርቱ ይህ ነው፦ ሰው ትዕግሥት ይኑረው። የቆመ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ይረግፋል፤ ሐርም ቢሆን ብል አለው። ብል ደግሞ ሥራውን ያውቃል፣ ጊዜ ብቻ ይፈልጋል። ጓንጉል ግን ወጣት አልነበረም፤ ብርድ ልብሱንም ሰጥቶ ነበር።

ተረቴ ይህች ናት። የሰማ ለልጁ ያውርስ፤ ያልሰማ እንኳን አልሰማ።